የመብረቅ ጉዳይ የሚመለከተው ክፍል

የእህቴን ባል መብረቅ የገደለው በሰንበት፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ ቅዳሴ አስቀድሶ፣ ሰንበቴ ላይ ዳቤውን ቆርሶ ጠላውን ተጎንጭቶ ሲነሣ ነው። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው እንዲታዘንለት ብዬ ብቻ አይደለም፤ አጽናኞቹ ምን ዓይነት ጣጣ ውስጥ እንደገቡ እንዲታወቅልኝ ነው። ከአረቄ ቤት ሲወጣ ቢመታ ኖሮ ሥራቸው ቀላል ነበር። የሰው ድንበር ሲገፋ ቢመታማ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ስብከት ይወጣው ነበር። እሱ ግን ገላውን ታጥቦ፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ በእግዜር ግቢ፣ በእግዜር ቀን ሞተና ሁሉንም ቃል አሳጣቸው። የእኛ አገር አጽናኝ ደግሞ ከሞት ይልቅ ቃል ማጣትን ይፈራል።

ያኔ እኔ እንጅባራ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምር ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሊሠራ ነው እየተባለ መሬት የሚለካበት፣ ኮብልስቶን የሚነጠፍበት፣ ኔትወርክ ፍለጋ ሰው ጉብታ ላይ የሚወጣበት ጊዜ ነው። ታላቅ እህቴ ትዳሯ ከከተማው ወደ ጥርባ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር። ባሏ የዚያው አገር ልጅ ነው፤ አውንጂና አማርኛ እኩል ይናገራል። ድንችና ገብስ ያበቅልበት የነበረውን መሬት እንደ ጎረቤቶቹ ዲከረንስ የሚሉትን ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ተክሎበት ከሰል ወደ ማክሰል ዞረ። ጥፍሩ ሥር ሁልጊዜ ጥቁር ነው። የሚኮራበት ነገር ቢኖር ፈረሱ ነበር። ጥር ላይ የፈረሰኞች በዓል ሲደርስ አልብሶ ሸልሞ ይወጣበታል፤ ዓመቱን ሙሉ ደግሞ ከእኔ ይልቅ እሱን ነው የሚንከባከበው እያለች እህቴ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ትከሰው ነበር።

ያን ዕለት ሰንበቴ ላይ እንደተቀመጡ ሰማዩ ጠቆረ። ዝናቡ ሳይወርድ ነጎድጓዱ ጀመረ። ፈረሱ ከግቢው ጥግ፣ ከትልቁ ጽድ ሥር ታስሮ ነበርና ሲያሽካካ ተሰማ። ባሏ፣ «ይሄ ፈረስ ራሱን ሊያንቅ ነው» ብሎ ተነሣ። ሄደና ፈታው። ፈረሱ እንደተፈታ ፈረጠጠ። መብረቁ የወረደው ከዚያ በኋላ ነው፤ ዛፉንም እሱንም አንድ ላይ መታ። እህቴ የዳቤውን ሙዳይ እየሰበሰበች ነበር።

ዕድሩ ድንኳን ጣለ። እኔም ክፍሌን ለጓደኛዬ ትቼ ሄጄ ከእህቴ ጎን ተቀመጥሁ። ከሰዓት በኋላ ከባሏ ዘመዶች አንዷ፣ ደግ ሴት ናት፣ ወደ እህቴ ጠጋ አለችና ጉልበቷን እያሻሸች፣ «ፈረሱ መትረፉም አንድ ነገር ነው፤ ተመስገን» አለቻት።

እህቴ ቀና አለች።

«ፈረሱን ማን አተረፈው?»

«እግዜር ነዋ፣ ሌላ ማን አለ!»

«እሱንስ ማን ገደለው?»

ሴትየዋ እጇን ከእህቴ ጉልበት ላይ አነሣች። ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ድንገት ሳል ያዘው።

መልስ ለመስጠት ከሁሉ ቀድመው የሞከሩት የነፍስ አባቷ ናቸው። ዕድሜያቸው ከሰማንያ የማይተናነስ፣ ድምፃቸው ግን ድምፅ ማጉያ የማያሻው ቄስ ናቸው። «ልጄ» አሏት፣ «ፈጣሪ የሚወደውን ሰው ቶሎ ይወስዳል።» እኔ ዙሪያውን ቃኘሁ። ድንኳኑ በሽማግሌዎች ተሞልቷል። እኒህ ሁሉ ምን ያህል ተጠልተው እንደሆን እያሰብሁ ነጠላዬን ወደ አፌ ሳብ አደረግሁ። እህቴ ግን አልሳቀችም።

«አባቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለች። «ማስቀረት ይችል ነበር?»

«ምን ማለትሽ ነው! ለእሱ የሚሳነው የለም።»

«ታዲያ ለምን አላስቀረውም?»

«የእሱ ሥራ አይመረመርም ልጄ።»

«አልመረምርም አባቴ። ይችል ነበር ወይስ አይችልም ነበር፣ ይህን ብቻ ይንገሩኝ።»

ቄሱ መስቀላቸውን አውጥተው ግንባሯን ባረኩና ጸሎት ጀመሩ። በእኛ አገር ጥያቄ የበዛበት ሰው ሲጸልይ ጠያቂው አንገቱን ይደፋል፤ እህቴም ደፋች። ጸሎቱ ሲያልቅ ግን ጥያቄው ያው እዚያው ተቀምጦ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ ጠየቀች። አንዱ ፈተና ነው አላት፤ ወርቅ በእሳት እንደሚፈተን። የምትፈተነው እኔ ከሆንሁ ለምን እሱ ተቃጠለ አለችው። ሌላው፣ ለበጎ ነው፣ በጎነቱ በኋላ ይታያል አላት። እስኪታይ ድረስ ማን ከሰል ያከስልልኛል አለችው። እንዲህ እየመለሰች ሰዉን አስፈራችው። ጸሎቷንና ጾሟን የማታጓድለው እህቴ ድንገት ተከራካሪ ሆነች ተባለ። ሐዘን አናቷ ላይ ወጣ ያሉም ነበሩ።

እኔ ግን አውቃታለሁ። ክርክር አትወድም። ድንኳኑ ሊነቀል ሲል ለብቻችን ስንሆን ምን እንደፈለገች ነገረችኝ። «ቤቴ ሲቃጠል ጎረቤቴ ባልዲ ሙሉ ውኃ ይዞ ቆሞ ካየኝ» አለች፣ «ነገ ጠዋት እንደምን አደርክ ልለው ነው? አልለውም። ደጁንም አልረግጥ። ባልዲ ከሌለው ግን ምን አደርገዋለሁ? አብረን እናለቅሳለን እንጂ።» ከዚያም፣ «እኔ ማወቅ የምፈልገው ባልዲ ነበረው ወይ ነው» አለች። እጇን ከመያዝ ሌላ ያደረግሁት የለም። ቢያንስ ግን አልባረክኋትም።

ከአጽናኞቹ ሁሉ በጣም የደከመችው የጎረቤቷ ልብስ ሰፊ ናት። እንጅባራ ከሚገኘው የጴንጤዎች ጸሎት ቤት አባል ነች፤ ስለዚህም ድንኳኑ ውስጥ ጠርዝ ላይ ነበር የሚያስቀምጧት፣ ድስት ማጠብ ሲሆን ግን ከሁሉ ቀድመው የሚጠሯት እሷን ነው። ሰው ሳሳ ሲል መጥታ ከእህቴ አጠገብ ተቀመጠች።

«እትዬ» አለች፣ «እግዚአብሔር ሁሉን ይችላል። ግን ለተፈጥሮ ሕግ ሰጥቷታል፣ ለሰውም ነጻ ፈቃድ ሰጥቷል። በሰጠው ሕግ ጣልቃ ላለመግባት ራሱን በራሱ ገድቧል። እኛ ጋ እንዲህ ነው የተማርነው።»

«ገደቡን ለአፍታ ቢያነሣው ምን ነበረበት?» አለች እህቴ። «ፈረሱ ተፈትቶ እሱ ዞር እስኪል።»

«ያኔ ሕግ መሆኑ ይቀራላ፣ እትዬ።»

«ልጅሽ በታይፎይድ ልትሞት ደርሳ ስትድን በጸሎት ነው የዳነችው ብለሽኝ አልነበረም?»

«ብዬሻለሁ።»

«ታዲያ ያን ቀን ገደቡ ተነሥቶ ነበር?»

ልብስ ሰፊዋ እህቴን አቅፋ አብራት አለቀሰች። ከተማረችው ትምህርት ይልቅ እሱ ይሻላል አልሁ በሆዴ።

እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። የተፈጥሮ ሕግ የሚባለው ነገር ደመወዝ እየተከፈለኝ የማስተምረው ነው። ስለዚህ ልብስ ሰፊዋ ሳታስበው ፋይሉን ከሰማይ አውርዳ የእኔ ጠረጴዛ ላይ ጣለችው። ያኔ አንድ ነገር ገባኝ። በዚያ ድንኳን ሥር የተሰበሰበው ሰው፣ ቄሱም ጴንጤዋም፣ ፈጣሪን የዞን መሥሪያ ቤት አድርገውታል። ዝናብ በወቅቱ ሲጥል፣ ድንች ሲያፈራ፣ ልጅ ፈተና ሲያልፍ ኃላፊው ራሳቸው ወጥተው ይመሰገናሉ። መብረቅ ሲሆን ጉዳዩ የሚመለከተው ክፍል ሌላ ነው። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ይህ በመመሪያው መሠረት የተፈጸመ ነው። በሕጉ ጣልቃ አንገባም። ውሳኔው ለበጎ ነው፤ ዝርዝሩ ግን አይገለጽም፤ ነገ ተመለሺ። ዘመኑ በየቀበሌው አዳራሽ ስለ መልካም አስተዳደር እየተሰበሰብን አበል የምንጠብቅበት ነበር፤ ስለ ሰማዩ አስተዳደር አቤት ያለ ሰው ግን አይቼ አላውቅም። መስኮቱ ፊት ቆማ ሳይመለስልኝ አልሄድም ያለች እህቴ ብቻ ናት።

አንድ ሰው መለሰላት። ከእሱ ግን በፍጹም አልጠበቅሁም ነበር።

በእኛ አካባቢ በረዶ ክፉ ነው። በአንድ ከሰዓት በኋላ የገብስ ማሳ ገለባ አድርጎ፣ የድንቹን ቅጠል ቆራርጦ ይሄዳል። ስለዚህ ገበሬው በረዶ የሚከለክል ደብተራ ይይዛል። ደብተራው ደመና ሲከብድ ጉብታው ላይ ወጥቶ ይደግማል፤ አዝመራ ሲገባ ከየቤቱ እህል ይሰፈርለታል። በረዶው ካልመጣ እሱ መልሶት ነው። ከመጣ ደግሞ አንዱ በበዓል ቀን አርሶ ነው። ይህን የመሰለ ሥራ ፊዚክስ አስተማሪ ከመሆኔ በፊት ማወቅ ነበረብኝ። ደብተራው ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ፣ ጥግ ይዞ፣ የቀረበለትን እየበላ ነበር። እህቴ ከሩቅ አየችውና አስጠራችው።

«እርስዎ ሰማዩን ያውቁታል ይባላል» አለችው። «ምነው ያን ቀን?»

ደብተራው የጎረሰውን ዋጠ። ሰውየው ቀልማዳ ነው፤ ሰበብ የሚያልቅበት ሰው አይደለም። የበዓሉን፣ የጥላ ወጊውን፣ የዛር ውላጁን ሲደረድር ልሰማ ተዘጋጀሁ።

«እመቤት» አለ፣ «እኔ የምመልስ በረዶ ነው። መብረቅ አልችልም።»

እህቴ ወደ ጓዳ ዞር ብላ፣ «ለእሳቸው ጨምሩላቸው» አለች። ማታ ላይ፣ «በዚህ ድንኳን እውነት የተናገረኝ እሱ ብቻ ነው» አለችኝ። «እግዜርም እንደ እሱ አልቻልሁም ቢለኝ እኮ ጠብ የለንም። አንድ ቃል ናት። አንድ ሰው እንኳ በእሱ ፈንታ ይህችን ቃል ይናገርልኝ እንጂ።»

ማንም አልተናገረላትም፤ እሷም ቤተ ክርስቲያን መሄድ አቆመች። አርባውን በቤቷ አወጣች፤ ለፍትሐቱ የባሏን ወንድም ላከች። ግቢውን ግን አልረገጠችም። መቃብሩ ደግሞ ያለው ግቢው ውስጥ ነው። በየሰንበቱ ሰው ሲገባ እሷ በውጭ በኩል ትዞርና ካቡን ተደግፋ የባሏን መቃብር አሻግራ ታያለች። አንድ ቀን ሄጄ አብሬያት ቆምሁ። በእኛና በመቃብሩ መካከል ጉልበቱ ያለው ልጅ የሚዘለው ድንጋይ ነው ያለው። «ግቢና ዳስሺው» አልኋት። «የግቢውን ባለቤት ሰላምታ ነሥቼ ግቢው ውስጥ እየተመላለስሁ?» አለችኝ። አመሏ ነው፤ የተቀየመችውን ሰው ጥላ እንኳ አትረግጥም።

ሰንበቴዋን ተወች ተባለ። ጴንጤ ሆነች ተባለ። ጴንጤዎቹም ይህን ሰምተው ተስፋ አድርገው ነበር፤ ጥያቄዋን ይዛ አንድ ቀን ጎብኝታቸው እንደወጣች ተስፋቸውን ቆረጡ። የነፍስ አባቷ እንጅባራ ድረስ በባጃጅ መጥተው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቁኝ።

«መምህር፣ እህትህን ምከራት» አሉኝ። «እንዲህ ሆና ብትሞት ማን ይፈታታል? ከባሏ ጎን እንድትቀበር አይፈቀድም። እኔም ብፈልግ አልችልም።»

«አልችልም ማለትዎን ለእሷ ቢነግሯት ደስ ይላታል አባ» አልኋቸው። አልገባቸውም። እኔም ስቄ አሳለፍሁት። እህቴ ከባሏ መቃብር የምትለየው በሰው ሁሉ ፊት አንድ ትክክለኛ ጥያቄ ስለ ጠየቀች መሆኑ ግን አናደደኝ። እኔን ለመላክ ሲሆን በባጃጅ ይመጣሉ፤ ጥያቄዋን ለመመለስ ሲሆን ግን አይመረመርም ይላሉ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል መብረቅ ደግሞ ወረደ። አሁን የመታው የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት ነው። ጉልላቱ ላይ ያለው መስቀል ጠቆረ፤ ዙሪያውን ከተሰኩት የሰጎን እንቁላሎች አንዱ ተሰነጣጥቆ ወደቀ። ሰው የቆሰለ የለም፤ ቀኑ የሥራ ቀን ነበር። እህቴ ባሏን ስትቀብር ማንም ስብሰባ አልጠራም ነበር። እንቁላሉ ሲሰበር ግን የሰበካ ጉባኤው በዚያው ሳምንት ተጠራ። ፊዚክስ ስለማስተምር እኔንም ጠሩኝ።

ሰንበቴ በሚበላበት አዳራሽ ተሰበሰብን። የእህቴ ባል ለመጨረሻ ጊዜ የተቀመጠበት አግዳሚ ላይ ተቀመጥሁ። ቄሱ የተሰበረውን እንቁላል በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ፊታቸው አስቀምጠዋል። ሐሳቡ መብረቅ የሚከላከል ብረት ይተከል የሚል ነው። ቄሱ አልተዋጠላቸውም።

«እምነታችን የት ሄዶ ነው ብረት የምንማመነው?» አሉ። «እሱ ቤቱን መጠበቅ ያቅተዋል?»

ከኋላ አንድ ሽማግሌ፣ የድሮ አርበኛ ሳይሆን የድሮ ዳኛ ናቸው፣ እጃቸውን አነሡ። «አባ» አሉ፣ «ማታ ማታ ዘበኛው ጠመንጃ ይዞ በር ላይ የሚቆመው ለምንድን ነው?»

«ያ ለሌባ ነው።»

«ሌባውን እሱ ማስቆም ያቅተዋል?»

ቄሱ አሰቡ። «አያቅተውም» አሉ፣ «ግን ዘበኛው ይኑር።»

አዳራሹ በሙሉ አዎ ይኑር አለ። ዘበኛውን የሚቃወም ማን አለ? ያን ጊዜ እህቴ እዚህ መቀመጥ ነበረባት አልሁ በልቤ። እያንዳንዱ ሰው ለእሷ ሲሆን የሚሳነው የለም ያለውን አምላክ፣ ለእንቁላል ሲሆን በጠመንጃና በብረት ያግዘው ጀመር። ደብተራውንም አስነሥተው መብረቅ ላይ ምን ትለናለህ ቢሉት፣ «ክፍሌ አይደለም ብያችሁ የለም?» ብሎ ተቀመጠ።

ብረቱ ይተከል ተባለ። የት? ይህ ደግሞ ሌላ ጦርነት ነው። እኔ ብረቱ ከሁሉ ከፍ ብሎ መቆም አለበት አልሁ። ቄሱ ብድግ አሉ። «ከመስቀል በላይ ምንም ነገር አይቆምም!» አሉ። ጉባኤውም አይቆምም አለ። አንዱ ብረቱን ከመስቀሉ ዝቅ አድርገን ለአክብሮት ጎንበስ አድርገን እንትከለው አለ። ሌላው ደወሉ ጋ ይሁን አለ። ሌላው፣ አጥሩ በር ላይ፣ መብረቁ ሳይገባ እንዲያዝ አለ፤ ይህ ሰው መብረቅ በበር የሚገባ እንግዳ መስሎታል። ዝቅ ያለ ብረት ምንም እንደማይከላከል ባስረዳ ባስረዳ ሰሚ አጣሁ። ምርጫው ወይ መስቀሉን ማዋረድ ወይ መመታት ሆነ፤ ጉባኤው ደግሞ መመታቱን ሊመርጥ ምንም አልቀረውም።

በመጨረሻ፣ ሊመሽም ስለ ነበር፣ «መስቀሉ ራሱ ብረት አይደል እንዴ?» አልሁ። «ከመስቀሉ ግርጌ ወፍራም የመዳብ ገመድ አሥረን በግድግዳው በኩል ወደ መሬት እናውርደው። ሌላ ብረት አያስፈልግም።»

ቄሱ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «መስቀሉ ራሱ ይቀበለው ነው የምትለው?»

«ይቀበለውና ወደ መሬት ያወርደዋል።»

«በውስጥ ያለው ሰውስ?»

«አይነካውም።»

ፊታቸው በራ። በቀጣዩ ሰንበት በድምፅ ማጉያ ይህንኑ ለሕዝቡ ሲሰብኩ ሰማኋቸው፤ የእኔ ስም ግን በስብከቱ ውስጥ አልነበረም።

ስብሰባውን ለእህቴ የነገርኋት እንድትስቅ ብዬ ነው። ድንች እየላጠች ነበር። የዘበኛውን ስነግራት ቢላዋው ቆመ።

«እንግዲያው ያውቁ ነበር» አለች።

«ምኑን?»

«እንደማይችል። ሁሉም ያውቁ ነበር። ለቤቱ ሲሆን ያውቁታል፤ ለእኔ ሲሆን ነው የዋሹኝ።» እንደዚያ ተቆጥታ በድንኳኑ ጊዜም አላየኋትም። ከዚያ ስለ ገመዱ ጠየቀችኝ። «መስቀሉ መብረቁ እንዳይመጣ ያደርገዋል?»

«አያደርገውም። ማንም አያደርገውም።»

«ታዲያ ምን ያደርጋል?»

«ይመታል። እሱ ይመታና ሌላው ይተርፋል።»

«በመጣ ቁጥር?»

«በመጣ ቁጥር።»

ድንቹን ልጣ ጨረሰች፤ ልጣጩን ከወትሮው በጣም አሳስታ ነበር የላጠችው።

ገመዱ ከባሕር ዳር መጣ። መሬት ውስጥ የሚቀበረውን መዳብ ከሰልና ጨው አልብሶ መቅበር ያስፈልጋል፤ እርጥበት እንዲይዝ ነው። ከሰል ደግሞ በእኛ አገር የሚጠፋ ነገር አይደለም፤ ከየቤቱ ይምጣ ተባለ። በሥራው ቀን አንዱ በአህያ፣ ሌላው በጀርባው እያመጣ ይዘረግፍ ጀመር። እኔ ጉድጓዱ ጫፍ ቆሜ ቄሱ ከመስቀሉ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሡ ስለ ገመዱ አካሄድ የሚሰጡኝን ትእዛዝ እየሰማሁ ነበር።

በሩ ላይ ጫጫታ ተነሣ። ዞር ስል እህቴ ናት። የባሏን ፈረስ እየሳበች መጣች። ፈረሱ ላይ ኮርቻ የለም፤ በግራና በቀኝ የከሰል ማዳበሪያ ተጭኗል። በዓል ላይ ተሸልሞ የሚወጣ ፈረስ ከሰል ሲሸከም በአገራችን ታይቶ አይታወቅም፤ ወንዶቹ የተሰደቡ ያህል ጮኹ። የባሏ ወንድም ልጓሙን ሊይዝ ሮጠ።

«ተወው!» አለችው። «ይሸከም። እሱ ተርፎ የለም?»

ከሰሉ ባሏ ያከሰለው ነው። ከሞተ በኋላ አልሸጠችውም፤ ጎተራ ውስጥ እንዳለ ትታው ነበር። በሩ ላይ ቆመች። ካቡን ተደግፋ ስታየው የኖረችውን ግቢ አየች። ከዚያ ገባች። ፈረሱን ጉድጓዱ ድረስ ስባ አመጣችና ማዳበሪያዎቹን እኔና የባሏ ወንድም አራገፍናቸው። እሷ ግን ለመመልከት አልቆየችም። መጀመሪያ መቃብሩ ጋ ሄደች፤ ተንበርክካ አፈሩን በሁለት እጇ ያዘች፤ እያለቀሰች የምትለውን ማንም አልሰማም፤ ለመስማትም የቀረበ የለም። ከዚያ ተነሥታ ጉልበቷን አራግፋ በሴቶች በር በኩል ወደ ውስጥ ገባች። ቄሱ ይህን ሲያዩ ትእዛዛቸውን ረስተው ተከተሏት።

ብዙ አልቆዩም። ተመልሰው ሲመጡ ፊታቸው ተለዋውጧል። ክንዴን ይዘው ከሰው ለይተው ወሰዱኝ።

«መምህር» አሉ በሹክሹክታ፤ ሹክሹክታ እንደሚችሉም ያን ቀን አወቅሁ። «እህትህ ምን ነክቷታል? አልሰገደች፣ ስለት አልተሳለች። መጋረጃው ፊት ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ቆመች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ አይዞህ፣ አለች። ያጥናህ፣ አለች። እኔ ማን ሞቶበት ነው ብዬ ዙሪያውን አየሁ። ማንም የለም። ለእሱ ነው የምትለው! እንዲህ ይባላል?»

ቀልድ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ደርሶም ጠፋብኝ። ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን ከሰል ማየት ጀመርሁ።

«እርስዎ ምን አሏት?» አልኋቸው።

«ምን እላታለሁ» አሉ። መስቀላቸውን በእጃቸው ያገላብጡት ነበር እንጂ አልባረኩበትም።

ማምሻውን ፈረሱን እየሳብን ከእህቴ ጋር ወደ ቤቷ ሄድን። ፈረሱ ጎኑ በከሰል ጠቁሮ ነበር፤ በመዳፏ እየጠረገችው ትሄዳለች። ሰንበት ቤተ ክርስቲያን ትመጣ እንደሆን ልጠይቃት ፈለግሁ፤ ቄሱን እንዳልመስል ፈራሁ። ቆይቼ ግን ጠየቅኋት።

አየችኝ፤ ያልገባኝ ነገር መኖሩ የገረማት ይመስላል።

«ለቅሶ አንድ ቀን ደርሰው ይቀራሉ እንዴ?» አለችኝ።